ስለ ጣና ዓሣ የተጻፈውን ማን ጠቀሰው? ማንስ አነበበው?

የአንድ የሐይቅና የወንዝ ተመራማሪ ስም ጉግል ስኮላር በሚባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ፈልጉ። ከጥናቶቹ በፊት ዓይን ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው። በሌሎች ሰዎች ጽሑፎች ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ተጠቅሷል ይላል። ከጎኑ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ የሚል ግራፍ አለ። ያንን ያየ ሰው «ይሄማ አንቱ የተባለ ነው» ይላል፣ ዩኒቨርሲቲው ሲቀጥርም ሲያሳድግም ይመለከተዋል፣ ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅትም ገባ ብሎ ያየዋል። ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ፣ ያ የተጠናው ውኃ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም።

እኔ ቁጥሩን አልጠላውም። ጥቅም አለው። ግን ምኑን እንደሚለካ ማወቅ ደግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከጣና ዓሦች የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። የእነዚህ ዓሦች የጽሑፍ ታሪክ ወደ 200 ዓመት ይጠጋል። ማን ምን ብሎ እንደጻፈ፣ ማን ማንን እንደጠቀሰ፣ ያን ጊዜ ሐይቁ ላይ ምን ይደረግ እንደነበር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ዓሦቹ። ጣና ሰፊ ነው፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ጥልቀት ግን የለውም። በአማካይ 8 ሜትር፣ በጠለቀው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ጢስ ዓባይ አለ። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወር ውኃ ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ የለምና ከፏፏቴው በታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ጣና አይደርስም። ሐይቁ ውስጥ ያሉት ለብቻቸው ቀርተው ነው የኖሩት።

ባሕር ዳር ዓሣ የበላ ሰው ቀረሶንና አምባዛን ያውቃል። ሦስተኛው በተለምዶ ነጭ ዓሣ የሚባለው ነው። ሳይንቲስቶቹ ድሮ ባርበስ ይሉት ነበር፣ አሁን ላቤዮባርበስ ይሉታል። ከሩቅ ሲያዩት ያው አንድ ዓሣ ነው፤ ትልልቅ ቅርፊት ያለው፣ አጥንቱ የበዛ። ቀረብ ብላችሁ አፉን ስታዩ ነው ነገሩ የሚለየው። አንዱ ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ በድንጋይ መሀል የተደበቁ ትንንሽ ነፍሳትን ይለቅምበታል። ሌላው አፉ ሰፊ ነው፤ ዓሣ ይውጥበታል። ተክል የሚበላ አለ። ቀንድ አውጣ የሚሰባብር አለ። ውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱትን ደቃቅ እንስሳት እያጠለለ የሚኖርም አለ።

በጠቅላላው 15 ዝርያ ናቸው፣ አብዛኞቹ ደግሞ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። ይሄ ለሥነ ሕይወት ሰዎች ጉድ ነው። የዚህ ዓሣ ዘመዶች፣ ካርፕ የሚባለውን ጨምሮ፣ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጨጓራ የሚባል ነገርም የላቸውም። ለአዳኝነት የማይመች አካል ይዘው ነው እነዚህ አዳኝ የሆኑት። ሌላ የአፍሪካ ሐይቅ ቢሆን ቦታውን የሚሻሟቸው ብዙ ዓሦች ነበሩ፤ ጣና ላይ ፏፏቴው እነዚያን ከታች አስቀራቸውና ሜዳው ለባርበስ ተለቀቀ።

ደግሞ ገና ልጆች ናቸው። ከሐይቁ ወለል ደለል ቆፍሮ አውጥቶ የመረመረ በ2007 የታተመ ጥናት፣ ጣና ከ15 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ደርቆ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ የምናያቸው ዝርያዎች እርስ በርስ የተለያዩት ሐይቁ መልሶ ከሞላ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። በዝግመተ ለውጥ ሒሳብ ይሄ ትናንት ማለት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ።

በ1830ዎቹ ኤድዋርድ ሩፐል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ሀገራችን መጥቶ ከጣና ዓሣ ሰብስቦ ሄደ፤ በርካታ ዝርያዎች ናቸው ብሎም ጻፈ። ከእሱ በኋላ የለንደኑ ሙዚየም ባለሙያ ቡሌንጀር ጨመረበት። ጣሊያን ሲገባ ደግሞ ቢኒ የሚባል ተመራማሪ በ1940 ዝርዝሩን ይባስ አበዛው። ዝርያ፣ ንዑስ ዝርያ፣ ከዚያም በታች፤ ነገሩ ተዝረከረከ። በ1973 ባኒስተር የሚባል ሌላ የለንደን ሙዚየም ሰው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች በጠቅላላ ከለሰና የጣናዎቹን ሁሉ በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ባርበስ ኢንተርሚዲየስ። በሌሎቹ የኢትዮጵያ ሐይቆችና ወንዞችም በሽበሽ የሆነ ዓሣ ነው።

ባኒስተርን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ሰውየው ሞኝ አልነበረም። ፊቱ ያለው በጠርሙስ የተቀመጠ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ በተለያየ ዘመን የተሰበሰበ ዓሣ ነው። ርዝመቱን ሲለካ የአንዱ ልክ ከሌላው ጋር ይደራረባል። ይሄ ምን ይበላ ነበር፣ ከሐይቁ የትኛው ክፍል ተያዘ፣ መቼ ይራባል የሚለውን ጠርሙሱ አይነግረውም። ጠቀለለው። ከሥር የነበረው ዝርክርክም ጸዳ፤ ሁሉም ሰው ተገላገለ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1973 በኋላ ስለ ጣና ዓሣ የሚጽፍ ሰው ምን ያደርጋል? የቅርቡንና የተሟላውን ክለሳ ይጠቅሳል። የእሱን ጽሑፍ ሌላው ይጠቅሳል፣ ያኛውን ሌላው። ማንም አላጭበረበረም። ሁሉም ደንቡን ተከትሏል። ግን በእያንዳንዱ መጠቀስ «አንድ ዝርያ ነው» የሚለው ነገር ትንሽ ትንሽ እየጠነከረ፣ ማስረጃው ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ እየጠፋ ሄደ። ለሃያ ዓመት ጣና በወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ባርበስ ብቻ ነበረው።

በዚያው ሃያ ዓመት ውስጥ ሐይቁ ላይ ትልቅ ነገር ተለወጠ። ከዚያ በፊት በጣና ዓሣ የሚያጠምዱት በዋናነት ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ሰዎች ነበሩ፣ በደንገል ታንኳ፣ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ። በ1986 ከሆላንድ በመጣ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት ድጋፍ የሞተር ጀልባና ናይለን መረብ ገባ። ዓሣ አስጋሪው ወደ መሀል ሐይቅ ደረሰ፣ ወንዞቹ ወደሚገቡበትም ደረሰ። ዓላማው መጥፎ አልነበረም፤ ረሃብ ገና ከሰው አእምሮ ያልወጣበት ጊዜ ነው፣ ገቢና ምግብ ያስፈልግ ነበር። እዚህ ላይ የራሴን ግምት ልበል። በዚያን ጊዜ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው መጽሐፍ ቢገልጥ የሚያገኘው «በመላ ኢትዮጵያ የሚገኝ አንድ ተራ ዓሣ» ነው። በየትኛውም ወንዝ የሚገኝ ዓሣ ይጠፋል ብሎ ማን ይሰጋል?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የሚባሉ የሆላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሕር ዳር መጡ። እነሱ ባኒስተር ያላገኘውን አገኙ፤ ትኩስ ዓሣ፣ በብዛት፣ በየዕለቱ። ለኩ፣ ሆዱን ቀደው የበላውን አዩ፣ የተያዘበትን ቦታ መዘገቡ። መልኩ፣ ምግቡና መኖሪያው አንድ ላይ ሲታይ ዓሦቹ በየጎራቸው ተለያዩ። በ1994 ያወጡት ጽሑፍ ርዕሱ ላይ «የተረሳ» የሚል ቃል አለበት፣ ከጥያቄ ምልክት ጋር። በ1997 ደግሞ ሙሉ ክለሳውን አወጡ። ሩፐልና ቢኒ ከሰጧቸው ስሞች አንዳንዶቹ ነፍስ ዘሩ፣ ሰባት አዳዲስ ዝርያዎችም ተጨመሩ።

ጠቃሾችም መጡ። ማን መጣ? በብዛት የዝግመተ ለውጥ ሰዎች። የቪክቶሪያና የማላዊ ሐይቆች ዓሦች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ወደ ብዙ ዝርያ በመከፋፈላቸው በዓለም የታወቁ ናቸው። ጣና ከእነሱ ጎን የሚቆም፣ ከሌላ የዓሣ ወገን የመጣ ምሳሌ ሆነ። ለመማሪያ መጽሐፍ የሚመች ነገር ነው። ስለዚህ ጥናቱ የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «በጣናም እንዲህ ያለ አለ» ይባልና ይታለፋል። ይሄም መጠቀስ ነው። ቆጣሪው አንድ ብሎ ይመዘግባል።

አንድ አስቂኝ ነገር ደግሞ አለ። ሰባቱን አዳዲስ ዝርያዎች ስማቸውን የሰጠው የ1997ቱ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ከእነዚህ ዓሦች ስለ አንዱ የጻፈ ሰው ሁሉ ስሙን ይጠቀማል፤ ብዙ ጊዜ ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሰያሚዎቹን ስምና ዓመቱን ይጨምራል፣ የሙያው ደንብ ነውና። ግን ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ካለው የማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ ካልገባ ቆጣሪው አያየውም። ዓሣን ለይቶ ስም መስጠት የሁሉም ነገር መሠረት ነው፣ በቁጥር ግን ተከፋይ አይደለም። ለዚህም ነው ወጣት ተመራማሪዎች ከዚህ ሙያ የሚሸሹት።

ከባዱ ዜና የመጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ2003 ሁለት የዶክትሬት ሥራዎች ከዋግኒንገን ወጡ። አንዱ የእሸቴ ደጀን ነው፣ በትንንሾቹ ባርበሶች ላይ፤ ማለትም ትልልቆቹ አዳኞች በሚበሉት ዓሣ ላይ። ሌላው የማርቲን ደ ግራፍ ነው፣ በአዳኞቹ ላይ። በ2004 ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ያወጡት ጽሑፍ የ1990ዎቹ መጀመሪያንና የ1999–2001ን መረጃ አነጻጸረ። ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ባርበሶች በአሥር ዓመት ውስጥ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰዋል። ታዳጊዎቹ ደግሞ በ90 በመቶ።

የታዳጊዎቹ ቁጥር ነው የሚያስፈራው። ትልቁ ከቀነሰና ትንሹ ካለ ተስፋ አለ። ትንሹ ከሌለ ግን ነገ የሚተካ የለም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወንዙ አፍ ላይ መቆም ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ ግልገል ዓባይና ሌሎች ገባሮች ይወጣሉ። ጠጠር ያለበት፣ ንጹሕና አየር የበዛበት የሚፈስ ውኃ ይፈልጋሉ፣ እንቁላላቸውን እዚያ ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ወንዙ ሐይቅ የሚገባበት ቦታ ይሰበሰባሉ። አጥማጁ ይህን ያውቃል፣ ለምን አያውቅም? ከአፉ ፊት ለፊት መረብ ይዘረጋል። እንቁላል የተሸከመው ዓሣ በጅምላ ይገባል። ከወንዙ ከፍ ብሎ ደግሞ ብርብራ አለ። ፍሬው ይወቀጥና ውኃው ላይ ይበተናል፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ ልጆች ሳይቀሩ በእጅ ይለቅሙታል። ብርብራ ትልቅ ትንሽ አይልም።

ባርበስ እንደ ቀረሶ ቶሎ አያድግም፣ ለመራባትም ዓመታት ይፈልጋል። ቀረሶ ብዙ ቢጠመድም ይተካል፣ ይሄኛው አይችልም። ወቅቱም አልረዳውም። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ ዓሣ ይፈለጋል (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው)፣ ይሄ ደግሞ ዓሣው ወንዝ በሚወጣበት ሰሞን ላይ ይወድቃል።

መፍትሔውም አብሮ ተጽፏል። በመራቢያ ወራት የወንዞቹን አፍ መዝጋት፣ የመረቡን ቀዳዳ መጠን መወሰን፣ የአጥማጁን ብዛት መቆጣጠር። በዚያው በ2003 የፌዴራል መንግሥቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ፣ ቁጥር 315፣ ወጣ፤ የአማራ ክልልም የራሱን አወጣ። ስለዚህ «ሳይንስ ተጻፈ፣ መንግሥት አልሰማም» ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። ሕግ አለ። ሕጉን ወንዙ አፍ ላይ፣ በነሐሴ፣ ሌሊት፣ ጀልባ ይዞ የሚያስከብር ነው የሌለው። ያ ደግሞ ነዳጅ፣ አበልና ለአጥማጁ አማራጭ ገቢ ይጠይቃል። ባርበስ ጠፋ አልጠፋ ለሚለው ጥያቄ ከመጽሔት ይልቅ የነዳጅ በጀት ይቀርባል ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ ያ ጉግል ስኮላር ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ሁሉ ውስጥ ምኑን ይለካል?

ነገሩ ሲጀመር የሰው መለኪያ አልነበረም። ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ በ1955 ሐሳቡን ጻፈ፣ በ1964 የመጀመሪያውን ትልቅ ማውጫ አወጣ። ዓላማው ቀላል ነበር። አንድ ጽሑፍ በእጄ አለ፤ ከእሱ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የጻፈው ማነው? ለተቃወመውም፣ ላረመውም፣ ለቀጠለውም መፈለጊያ መንገድ ነው። ባኒስተርን ፈልጎ ናግልከርከን ለማግኘት ማለት ነው። ለዚህ ሥራ እስከ ዛሬ ወደር የለውም። ቆይቶ ነው ማውጫው ሚዛን የሆነው። በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስን አመጣ። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጥናቶች ካሉህ ቁጥርህ 20 ነው። በሕይወትህ አንድ ጥናት ብቻ ጽፈህ ያ ጥናት 5 ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ ቁጥርህ 1 ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይሄ ምቹ ነው፤ ማንበብ አያስፈልግም።

ደግሞ የሚጠቅሱትስ ያነባሉ? ሲምኪንና ሮይቾውድሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2003 ያወጡት ሥራ አለ። በማጣቀሻዎች ውስጥ ያሉ የገጽና የቁጥር ግድፈቶች ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እንዴት እንደሚተላለፉ ተከተሉ። አንድ ዓይነት ግድፈት በብዙ ጽሑፎች ላይ ከተደገመ፣ ጸሐፊዎቹ ዋናውን ሳያዩ አንዱ ከሌላው ገልብጧል ማለት ነው። ከዚያ ተነሥተው ዋናውን የሚያነበው ከአምስት ጠቃሽ አንድ ያህሉ ብቻ ነው ብለው ገመቱ። ግምት ነው፣ ያከራክራል። እኔ ግን የጣናን ታሪክ ሳይ አይደንቀኝም።

የሙያው ስፋትም ራሱ ቁጥሩን ይወስነዋል። ካንሰር ላይ የሚሠራ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ባልደረቦች አሉት፣ ሁሉም ይጽፋሉ፣ ሁሉም ይጠቅሳሉ። የጣና ባርበስ ላይ የሚሠራው ሰው ስንት ነው? አንድ አዳራሽ አይሞላም። በዚህ ላይ የት ታተመ የሚለው አለ። እንደ ሲኔት ያሉ የሀገር ውስጥ መጽሔቶች ላይ የወጣ ጥሩ ሥራ ትልልቆቹ ማውጫዎች ውስጥ በወጉ ስለማይገባ ቢጠቀስም አይታይም። ውጭ የታተመው ደግሞ ይቆጠራል፣ ግን ብዙ ጊዜ በክፍያ በር ተዘግቷል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ሰው በልዩ ፕሮግራሞች በነጻ የሚያገኝበት መንገድ አለ፤ ወረዳ ላይ ያለው የዓሣ ባለሙያ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። (የዋግኒንገን የዶክትሬት ሥራዎች በነጻ ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ግን ብዙ አይመስለኝም።) ክፍያው ቢቀርም ቋንቋው አለ። ስለ ጣና ዓሣ ዋና ዋናው ነገር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ዓሣውን የሚይዘው ሰው የሚያወራው በአማርኛ ነው።

በእኔ ዓይን ትልቁ ውጤት ቁጥሩ ውስጥ የለም። ናግልከርከ ከጻፈ በኋላ ጥያቄውን የያዙት የሀገር ሰዎች ሆኑ። እሸቴ ደጀን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን፣ የባሕር ዳሩ ዋሴ አንተነህና ሌሎችም ወንዝ በወንዝ ሄዱበት። ድርማና መገጭ ላይ የትኞቹ ዝርያዎች ይወጣሉ፣ በየትኛው ወር፣ እስከ የት? በፎገራ ሜዳ ያሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ለአምባዛና ለባርበስ መራቢያነት ምን ያህል ይጠቅማሉ? ይሄኛው በ2012 ታትሟል። በ2016 ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከወንዞቹ የሚወጣው የግንባታ አሸዋ ለባርበስ አደጋ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። አስቡት፤ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበትን ጠጠርና አሸዋ መኪና ጭኖ ይወስደዋል፣ ብሎኬት ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ጥናት በዓለም አቀፍ መድረክ ብዙ ጠቃሽ የሚያገኝበት ምክንያት የለም። አንድ ወንዝ፣ አንድ አካባቢ፣ አንድ ችግር ነው። ለጣና ግን ከመቶ «በጣናም እንዲህ አለ» ይሻላል።

ተጠቃሽነት ወረትም ይከተላል። በ2011 እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ተረጋገጠ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ጣና የተጻፈውም የተባለውም አብዛኛው ስለ እምቦጭ ሆነ። ተገቢ ነው፣ አረሙ ከባድ ነው። ግን የባርበስ ውድቀት የተመዘገበው እምቦጭ ከመታየቱ አሥር ዓመት በፊት ነው። አረሙ አረንጓዴ ነው፣ ከዳር ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ ሰው ወጥቶ በእጁ ይነቅለዋል፣ ቴሌቪዥን ይቀርጸዋል። ውኃ ውስጥ የጎደለ ዓሣ ፎቶ አይነሣም። ዛሬ ስለ ጣና የሚጽፍ ተማሪ እምቦጭን ቢመርጥ ጠቃሽም ገንዘብም ያገኛል፤ በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መረብ ድርማ አፍ ላይ ዓሣ የሚቆጥር ተማሪ ግን ወላጆቹ «ምን እየሠራህ ነው?» ይሉታል።

ይሄ ነገር ወዴት እንደሚያመራ ለማየት ፊሊፒንስ ሚንዳናው ደሴት ላይ ያለውን ላናው ሐይቅን ማየት ነው። እዚያም ከዚሁ ከካርፕ ወገን የሆኑ፣ በሐይቁ ውስጥ ብቻ የሚገኙ ዓሦች ነበሩ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ተገልጸዋል፣ በዝግመተ ለውጥ ጽሑፎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝናቸው የጣናን ያስንቅ ነበር፣ ተጠቅሰዋል፣ ተከራክረውባቸዋል። ከውጭ የገባ ዓሣና ከልክ ያለፈ ማስገር ጨረሳቸው። በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ 15ቱ ጠፍተዋል ብሎ አወጀ፣ የቀሩት ሁለቱም መኖራቸው አጠራጣሪ ነው። ጣና በብዙ ጽሑፎች ላይ «ከዚህ ወገን የቀረው ብቸኛው» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ላናው የተጻፉት ጽሑፎች ግን ዛሬም ይጠቀሳሉ። ቁጥራቸው እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ ቁጥር ወደ ታች አይወርድምና።

ስለዚህ አንድ የውኃ ተመራማሪ ይህን ያህል ጊዜ ተጠቀሰ ሲባል እኔ ሁለት ነገር ነው የማየው። አንደኛ፣ ከጠቃሾቹ ጥቂቱን ከፍቼ የጠቀሱበትን ዓረፍተ ነገር አነባለሁ። በመግቢያው ላይ ከሌሎች አሥር ስሞች ጋር ተደርድሮ ከሆነ ሰላምታ ነው። ዘዴውን ወስዶ ሠርቶበት ከሆነ፣ ወይም «ተሳስቷል፣ ምክንያቱም» ብሎ ከሆነ ያ ሌላ ነው። ባኒስተርን ከጠቀሱት ሁሉ ለጣና ቁም ነገር የሠራው የተቃወመው ነው። ሁለተኛ፣ ከጠቃሾቹ መሀል ወደዚያው ውኃ የተመለሰ ሰው አለ ወይ? በዚያው ቦታ፣ በዚያው የመረብ ቀዳዳ፣ በዚያው ወር ደግሞ የቆጠረ?

ጣና ላይ ይሄ ጥያቄ አሁን አጣዳፊ ሆኗል። የቆጋ ግድብ ውኃ ይዞ ያጠጣል፣ ርብ ላይም ተገድቧል፣ መገጭ ላይም የግድብ ሥራ ተጀምሯል፤ በየወንዙ ዳር ደግሞ የገበሬው ፓምፕ በዝቷል። በ2021 የወጣ አንድ ጥናት በግልገል ዓባይ፣ በርብና በጉማራ መስኖው በዓሣው ላይ የሚያደርሰውን ተመልክቷል። መስኖው ለገበሬው እንጀራ ነው፣ ማንም ይቁም አይልም። ግን የትኛው ወንዝ ላይ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ውኃ ቢለቀቅ ዓሣው ይወጣል የሚለው በስሌት የሚመለስ ነው፤ ስሌቱም የ1990ዎቹንና የ2001ን ቁጥር ይዞ መጥቶ ዛሬ ወንዙ አፍ ላይ እንደገና የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል።